ኦድሪ ሄፕበርንን በፖስተር ብቻ አትወቋት

ጥቁር ቀሚስ፣ አንገት ላይ የተደራረበ ሉል፣ እጅ ላይ ረጅም የሲጋራ መያዣ፣ ከፍ ተደርጎ የታሰረ ጸጉር። ይቺን ፎቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቲሸርት ላይ አለች፣ የስልክ ከቨር ላይ አለች፣ ፕሮፋይል ያደረጓትም ብዙ ናቸው። ግን ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ አንድ ፊልሟን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ያየው ጥቂቱ ነው ብዬ ነው የማስበው፣ የሚቆጨኝም እሱ ነው። ኦድሪ ሄፕበርን ፎቶ ላይ ቆንጆ ናት፣ ማንም አይክድም፣ ስትራመድ ስትስቅ ስትናገር ግን ሌላ ነገር ናት፣ ደም ግባቷ ያለው እዛ ነው። ፖስተሩ ቀሚሱን አስቀርቶልን ሴትዮዋን ወሰደብን ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የድሮ የሆሊውድ ፊልም ነፍሴ ነው፣ የዛን ዘመን ቆነጃጅት አንድ በአንድ ልጠራላችሁ እችላለሁ። ኢንግሪድ በርግማን አለች፣ ግሬስ ኬሊ አለች፣ ሶፊያ ሎረን አለች፣ ማሪሊን ሞንሮማ የማያውቃት የለም። በመልክ ብቻ ይመዘን ከተባለ ደሞ የኤልዛቤት ቴይለርን ፊት የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ግን ከሁሉም አንዷን ብቻ ትመርጣለህ ወይ ትመርጫለሽ ብትባሉ ለማን ነው ልባችሁ የሚያደላው? የኔ ሁሌም ለኦድሪ ነው፣ ምክንያቱ ደሞ ሌላው ሰው ቢሆን የሚደብቀውን ነገር እሷ ይዛው መውጣቷ ነው።

አንድ የስክሪን ቴስት፣ ማለትም ተዋናይ ለመምረጥ የሚደረግ የሙከራ ቀረጻ፣ ታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመተ ምህረቱን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) ሴፕቴምበር 1951 ላይ ዊሊያም ዋይለር የሚባለው ዳይሬክተር ሮማን ሆሊዴይ ለተባለው ፊልም ልዕልት ሆና የምትጫወት ልጅ እየፈለገ ነበር። ኦድሪ ያኔ 22 አመቷ ነው፣ ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ትርኢት ላይ ከኋላ ሆነው ከሚጨፍሩት ልጆች አንዷ ነበረች፣ ፊልም ላይም በትንንሽ ቦታ ብቅ ብላለች፣ ኮከብ የሚላት ግን የለም። ቴስቱን ፓይንውድ ስቱዲዮ ውስጥ የቀረጸው ቶሮልድ ዲኪንሰን ነው፣ ዋይለር ለቀራጮቹ የሰጠው ትዕዛዝ ታዲያ ምን መሰላችሁ፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ካት በሉ፣ ካሜራውን ግን እንዳታጠፉት የሚል ነው። እሷም አልጋ ላይ ሆና የልዕልቷን ቃል ተናገረች፣ ጨረሰች፣ ካት ተባለ፣ ተነስታ ቁጭ አለችና እንዴት ነበርኩ ብላ ጠየቀች፣ ሰዉ ዝም ብሏል፣ መብራቱም አልጠፋም፣ ዞር ዞር ብላ ስታይ ካሜራው አሁንም እየቀረጻት እንደሆነ ገባትና ፊቷ ሁሉ ሳቅ ሆነ። ዋይለር ያንን ሲያይ አለቀ፣ ልጅቷ ተገኘች። ልብ በሉ፣ ተዋናይ ያደረጋት መተወን ያቆመችበት ደቂቃ ነው።

ፊልሙ ሮም ውስጥ ተቀርጾ 1953 ላይ ወጣ። እዛ ላይ ቦካ ዴላ ቬሪታ የሚባል የድንጋይ ፊት አለ፣ ውሸታም ሰው አፉ ውስጥ እጁን ካስገባ ይነክሰዋል ይባላል። ግሪጎሪ ፔክ እጁን ያስገባና ሲያወጣው የለም፣ እጅጌው ውስጥ ደብቆታል፣ ይሄንን ለዋይለር ነግሮታል ለኦድሪ ግን አልነገራትም። እና የምትሰሙት ጩኸት የእውነት ጩኸት ነው፣ ደግማ አልቀረጸችውም፣ አንዴ በቃ። ከጩኸቱ በኋላ እጁ ደህና መሆኑን ስታይ የምትስቀው ሳቅ ደሞ አለ፣ ደረቱን እየመታች፣ ሲኒማ ውስጥ ካየኋቸው ሳቆች እንደሱ ቀልብ የሚገዛ አላየሁም። በተቃራኒው ሲሰናበቱ መኪና ውስጥ የምታለቅስበት ቦታ ላይ እንባ እምቢ አላት፣ ደጋግመው ቀረጹት፣ አልመጣም፣ በመጨረሻ ዋይለር ተቆጣት፣ ሲቆጣት የምር አለቀሰች፣ ያንን ነው የምናየው። ማስመሰል አልተማረችም ነበር ማለት ነው። ፔክ ያኔ ትልቅ ኮከብ ነው፣ ስሙ ብቻውን ከላይ ሊጻፍ ነበር፣ እሱ ግን ቀረጻው ሳያልቅ የልጅቷም ስም ከኔ እኩል ይውጣ አለ፣ ይቺ ልጅ ኦስካር መውሰዷ አይቀርም ነበር ግምቱ። ወሰደችም፣ ማርች 1954፣ በ24 አመቷ፣ በዛው ሳምንት ደሞ በብሮድዌይ ቴአትር ቶኒ የሚባለውን ሽልማት ደረበችበት።

አሁን ወደ ቅጥነቷ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆይ ማለት አለብኝ ምክንያቱም በጣም የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የኦድሪ ዳይት፣ የኦድሪ ወገብ፣ እንደ ኦድሪ ለመቅጠን ምን እንብላ የሚል ነገር ሞልቷል። ያ ቅጥነት ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው እንደዚ ብሎ የሚጽፍ አይመስለኝም። ኦድሪ 1929 ብራስልስ ነው የተወለደችው፣ እናቷ የኔዘርላንድ ባላባት ዘር ናት፣ አባቷ ኦድሪ ገና ህጻን እያለች ጥሏቸው ሄደ። ጦርነቱ ሲመጣ እናትየዋ ኔዘርላንድ ገለልተኛ ናት አይነኳትም ብላ ወደ አርነም ወሰደቻት፣ ሜይ 1940 ላይ ጀርመኖቹ እዛው መጡባቸው። ኦድሪ የሚል ስም እንግሊዝኛ ስለሚመስል አደጋ ነው ተብሎ ኤዳ ተባለች። የአክስቷን ባል 1942 ላይ ናዚዎች ረሸኑት። ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው ክረምት ደሞ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ኔዘርላንድ የሚገባውን ምግብ ዘጉ፣ እስካሁን የርሃቡ ክረምት እያሉ ነው የሚጠሩት፣ 20,000 ገደማ ሰው አልቆበታል። ሰው የቱሊፕ አበባ ስር ፈጭቶ በላ። የ15 አመት ልጅ ናት፣ ደም አነሳት፣ እግሯ አበጠ። ነጻ ሲወጡ በተባበሩት መንግስታት የእርዳታ ድርጅት ምግብ ነው ነፍስ የዘራችው። እና ያ የአንገት አጥንት፣ ያ ቀጭን ክንድ በልጅነት የመጣ የርሃብ ምልክት ነው፣ በዛ እድሜ ሰውነት ማግኘት የነበረበትን ሳያገኝ ቀርቶ የተረፈው ነው። ለልጃገረዶች ግብ አድርጎ መሸጥ በኔ እምነት ነውር ነው፣ እሷ ራሷ በህይወት ብትኖር የምትቀበለው አይመስለኝም።

በዛው በጦርነቱ ጊዜ ነው የጨፈረችውም። መስኮት ተሸፍኖ፣ ውጭ ጠባቂ ቆሞ፣ ቤት ውስጥ በድብቅ ባሌት ታሳያለች፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለአርበኞቹ ይሄዳል፣ ተመልካቹ ድምጽ እንዳይሰማ አያጨበጭብም። ህልሟ ባሌሪና መሆን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለንደን ሄዳ ማሪ ራምበርት የምትባለው ትልቅ አስተማሪ ጋር ገባች፣ መልሱ ግን ረጅም ነሽ፣ በርሃቡ ያጣሻቸው አመታትም አይመለሱም፣ ጥሩ ደናሽ ትሆኛለሽ አንደኛዋ ግን አትሆኝም የሚል ሆነ። ፊልም ውስጥ የገባችው እዛ በር ስለተዘጋባት ነው። ግን ባሌቱ ከሰውነቷ አልወጣም። ሳብሪና የሚለውን ፊልም ስታዩ፣ ወይ ሌላ የትኛውንም፣ ቁጭ ስትል እዩዋት፣ ጀርባዋ አይጎብጥም፣ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ወርዳ ነው እንጂ ወድቃ አይደለም። ደረጃ ስትወጣ እግሯን አታይም። ዞር ስትል መጀመሪያ አይኗ ይዞራል፣ ከዛ አንገቷ፣ ከዛ ትከሻዋ ይከተላል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የስንት አመት ስራ ነው፣ ስራው ስለማይታይ ነው ተፈጥሮ የሚመስለን።

ፊቷም እንደዛው ነው። በ50ዎቹ የቆንጆ መስፈርት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፣ ሰፊ ዳሌ፣ ሞላ ያለ ደረት፣ የተጠቀለለ ወርቃማ ጸጉር። እሷ ጠይም ጸጉር አላት፣ መንጋጋዋ ሰፋ ብሎ አራት ማዕዘን ይመስላል፣ ቅንድቧ ወፍራም ነው፣ ጥርሷም ፊልም ላይ እንደምናየው የተደረደረ ሸክላ አይደለም። ቅንድቧን ተቀንድባ በቀጭን መስመር ልታስለው ትችል ነበር፣ አላደረገችውም። አይኗ የሚያምረው ቅንድቧ ከላይ ስለከበደ ይመስለኛል፣ ያ ቅንድብ ባይኖር አይኗ እንደዛ አይናገርም ነበር።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ሜካፕ አልነካትም ማለት አይደለም። አልቤርቶ ዴ ሮሲ የሚባል ጣሊያናዊ የሜካፕ ባለሙያ ነበራት፣ ብዙ ፊልም ላይ አብሯት ሰርቷል፣ ማስካራውን ከቀባ በኋላ ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ በመርፌ ቁልፍ ጫፍ ይለያይላት ነበር። አስቡት፣ አይን አጠገብ፣ በመርፌ ጫፍ፣ አንድ በአንድ። ስለዚ ዝም ብላ ከአልጋ ተነስታ ነው የመጣችው የሚሉ ሰዎች ሲያወሩ እኔ አልስማማም። ልዩነቱ ስራው ያላትን ያጎላል እንጂ ሌላ ሰው አያደርጋትም፣ ሜካፑ ሲታጠብ ያው ኦድሪ ናት የምትቀረው።

አለባበሷ ላይም ይሄው ነገር አለ፣ እንደውም እዚህ ላይ ነው በደንብ የሚታየው። 1953 ላይ ለሳብሪና የሚሆን ልብስ ፈልጋ ፓሪስ ሄደች፣ ሁበርት ዴ ጂቫንሺ ጋር፣ እሱም ገና ወጣት ዲዛይነር ነው። ሚስ ሄፕበርን ልትመጣ ነው ሲሉት ካትሪን ሄፕበርን መስላው ነበር፣ ያኔ ታዋቂዋ እሷ ናት። በሩ ሲከፈት አጠር ያለች ቲሸርት፣ ጠባብ ሱሪ፣ ጠፍጣፋ ጫማ፣ የቬኒስ ጀልባ ቀዛፊዎች የሚያደርጓትን የሳር ባርኔጣ ያደረገች ቀጭን ልጅ ገባች። ጊዜ የለኝም አዲስ ኮሌክሽን እየጨረስኩ ነው አላት፣ እሷም ታዲያ ከተሰፋው ልምረጥ አለች። መረጠች፣ የመረጠችውም በልኳ የተሰፋ እስኪመስል ድረስ አማረባት። ከመረጠቻቸው ውስጥ አንዱ ጥቁር ቀሚስ አንገቱ ከትከሻ እስከ ትከሻ አግድም የተቆረጠ ነው፣ ለምን እንደወደደችው ታውቃላችሁ? የአንገቷን ስር ጎድጓዳ ስለሚሸፍን ነው። ያ የርሃብ ዘመን ጎድጓዳ። ትከሻዋን ደሞ ያወጣዋል፣ አንገቷን ያስረዝመዋል። ሰውነቷን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፣ ምኑ መሸፈን እንዳለበት ምኑ መታየት እንዳለበት ለማወቅ ማንንም አልጠበቀችም። ይሄ ነው ስታይል የምለው። የፊልሙን የአልባሳት ኦስካር የወሰደችው ኢዲት ሄድ ናት፣ የጂቫንሺ ስም ፊልሙ ላይ እንኳን አልተጻፈም፣ ይሄ እስካሁን ቅር ይለኛል፣ ሁለቱ ግን እስክትሞት ድረስ 40 አመት ጓደኛሞች ሆነው ኖሩ።

አንድ የካልሲ ታሪክ አለ፣ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ፈኒ ፌስ የሚለው የ1957 ፊልም ላይ ፓሪስ ያለ ካፌ ውስጥ ብቻዋን የምትጨፍርበት ቦታ አለ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋ። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ዶነን ነጭ ካልሲ አድርጊ አላት። እሷ እግሬ ትልቅ ነው ብላ የምታፍር ሰው ናት፣ ነጭ ካልሲ አደረገች ማለት ሰው ሁሉ እግሯን ብቻ ሊያይ ነው፣ እምቢ አለች፣ አዘነች። ዶነን ደሞ ካልሲው ከሌለ ጥቁሩ ከጨለማው ጋር ይቀላቀላል፣ እግርሽ ጠፍቶ ዳንሱ አይታይም አለ። በመጨረሻ አደረገችው። ፊልሙን ስታይ ማስታወሻ ጽፋ ላከችለት፣ ስለ ካልሲው ልክ ነበርክ ብላ። ያንን ዳንስ ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ እዩት፣ አይናችሁ ከነጩ ካልሲ አይነቀልም፣ ትልቅ ነው ብላ ያፈረችበት እግር ነው ዳንሱን የተሸከመው።

ስለ ጥቁሩ ቀሚስ ደሞ ሳልናገር አላልፍም፣ የፖስተሩን ማለቴ ነው። ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ 1961 ላይ ነው የወጣው፣ ቀሚሱ የጂቫንሺ ነው፣ ለፊልሙ ከተሰሩት አንዱ 2006 ላይ ለንደን ክሪስቲስ ጨረታ ቤት 467,200 ፓውንድ ተሸጦ ገንዘቡ ህንድ ውስጥ ላሉ ድሆች ሄደ። ግሩም ቀሚስ ነው፣ አልክድም። ግን በዛው ፊልም ውስጥ ሌላ ትዕይንት አለ፣ መስኮት ላይ ተቀምጣ፣ ጸጉሯ እርጥብ ነው፣ በፎጣ ጠቅልላዋለች፣ ሹራብና ጂንስ ለብሳለች፣ ጊታር ይዛ ሙን ሪቨርን ትዘፍናለች። ሄንሪ ማንቺኒ ዜማውን የሰራው ለሷ ድምጽ ብሎ ነው፣ ድምጿ ትንሽ ነው ከፍ ዝቅ ማለት አይችልም፣ ስለዚ በምትችለው ልክ አድርጎ ሰራላት። ስታንጎራጉረው ትልቅ ዘፋኝ ልትመስል አትሞክርም፣ ልብስ እያጠበች እንደምታንጎራጉር ሴት ነው የምትዘፍነው። ያ ዘፈን ኦስካር ወሰደ። እኔ ፖስተር ሰሪ ብሆን ቀሚሱን ትቼ ፎጣውን ነበር የምሰቅለው። ከሶስት አመት በኋላ በማይ ፌር ሌዲ ብዙውን ዘፈን ማርኒ ኒክሰን በምትባል ዘፋኝ ድምጽ ሸፈኑባት፣ ድምጹ አንደኛ ነው፣ ግን እሷ አይደለችም፣ ሁለቱን ፊልም አከታትሎ ያየ ሰው ምን እንደጎደለ ወዲያው ይገባዋል።

ይሄን ሁሉ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ስልካችን ራሱ ሳንጠይቀው ፊታችንን ያለሰልሳል፣ አፍንጫ ያቀጥናል፣ አይን ያሰፋል፣ ሀያ አመት ያልሞላት ልጅ ከንፈሯን ፊለር ልትሞላ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ቲክቶክ ላይ አስሩን ልጅ ስታዩ አንድ ልጅ አስር ጊዜ ያያችሁ ይመስላችኋል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ሰው በራሱ ፊት ያሻውን ያድርግ። ግን በዚህ ሁሉ መሀል የኦድሪን ፎቶ የውበት ምሳሌ ብሎ መለጠፍ ለኔ አይገናኝም፣ ምክንያቱም እሷን እሷ ያደረጋት ፊልተሩ መጀመሪያ የሚያጠፋው ነገር ነው፣ ወፍራሙ ቅንድብ፣ ሰፊው መንጋጋ፣ ስትስቅ አይኗ ዳር የሚሰበሰበው መስመር። በነገራችን ላይ የኦድሪ የውበት ምክር እየተባለ በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞረው ጽሑፍ የሷ አይደለም፣ ሳም ሌቨንሰን የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ነው የጻፈው፣ እሷ ትወደው ስለነበር ነው በስሟ የቀረው። የምታጋሩ ሰዎች የጸሐፊውን ስም ብትጨምሩበት ጥሩ ነው።

መሸብሸብ ስትጀምር ምን አደረገች? ምንም። ስዊዘርላንድ ቶሎሸናዝ የምትባል መንደር ውስጥ ቤት ነበራት፣ ልጆቿን አሳደገች፣ አትክልቷን ተከለች፣ ፊልም ከስንት አንዴ ሰራች። ከዛ 1988 ላይ የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነች፣ ክፍያው በአመት 1 ዶላር ነው። የመጀመሪያ ጉዞዋ የት እንደነበር የማያውቅ ሀበሻ ብዙ ስለሆነ ልንገራችሁ፣ ወደኛ ሀገር ነው። ማርች 1988፣ በኛ መጋቢት 1980፣ ድርቅም ጦርነትም በነበረበት ሰዓት። መቀሌ ውስጥ 500 የሚሆኑ ህጻናት ያሉበት ማሳደጊያ ገባች። መንዝ፣ መሀል ሜዳ፣ እህል የሚታደልበት ቦታ ሄደች። ዩኒሴፍ ያስቀመጠው ፎቶ አለ፣ ጆን አይዛክ ነው ያነሳው፣ ትንሽ ልጅ አዝላለች። 58 አመቷ ነው፣ ተራ ልብስ ለብሳለች፣ ጸጉሯ ወደ ኋላ ታስሯል፣ ፊቷ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ይታያል። ፎቶ አንሺው በኋላ ሲናገር፣ ልጆቹ ፊታቸው ዝንብ ወሮት ሌላው ሰው ሲያቅማማ እሷ ዘላ ታቅፋቸው ነበር ብሏል። ያቺ ፎቶ ከቲፋኒው ፎቶ ትበልጥብኛለች፣ በውበትም ጭምር ነው የምላችሁ፣ ለማዘን ብዬ አይደለም።

አንዳንድ ሰው ይሄንን ስል ፊቱን ያጠቁራል፣ የተራበ ህጻን ይዞ ፎቶ የሚነሳ ፈረንጅ ሰልችቶናል ይላል። ስሜቱ ይገባኛል፣ ያ ዘመን በኛ ላይ የለጠፈው ምስል እስካሁን አልለቀቀንም። ግን የተናገረችውን ስሙ። ከዚህ ተመልሳ በየሀገሩ ጋዜጠኛ ፊት ስትቀመጥ፣ ሰው የሚሞተው እህል ጠፍቶ ሳይሆን በጦርነቱ የተነሳ ማከፋፈል ስላልተቻለ ነው አለች፣ እህሉ ወደብ ላይ ተከምሯል አለች። ሶስተኛው ዓለም የሚለውን አጠራር አልወደውም፣ ዓለም አንድ ናት አለች። ኮንግረስ ፊት ቀርባ ስለ ሱዳን ህጻናት መሰከረች። ባንግላዴሽ ሄደች፣ ቬትናም ሄደች፣ ሴፕቴምበር 1992 ሶማሊያ ገባች፣ ከዛ ስትመለስ ሆዷን ታማ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፣ ጃኑዋሪ 20 ቀን 1993 በ63 አመቷ አረፈች። በ15 አመቷ ሌላ ሰው የላከውን ምግብ በልታ የተረፈች ልጅ ናት፣ መቀሌ ስትገባ ርሃብን ከመጽሐፍ አልነበረም የምታውቀው፣ ስለዚ ነው ህጻን ማቀፏ ለካሜራ የማይመስለው። ፓይንውድ ካሜራው ሳይጠፋ የቀረ ጊዜ ያየነው ፊት ነው እኮ፣ 37 አመት ጨምሮ።

የሷ ወገን ታሪክ በእንግሊዝኛ በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል። የኛ ወገን ነው የሚቀረው። ያቺ መሀል ሜዳ ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ልጅ በህይወት ካለች ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ ምናልባት የልጆች እናት። መቀሌ ማሳደጊያው ውስጥ የነበሩት ልጆችም እንደዛው፣ ያሳደጓቸው ሞግዚቶችም፣ እህል ያከፋፈሉት ሰራተኞችም፣ ያኔ አስተርጓሚ የሆኑትም፣ ብዙዎቹ እያረጁ ነው። ጋዜጠኛ የሆናችሁ፣ ዩቲዩብ ላይ ኢንተርቪው የምትሰሩ፣ መንዝም መቀሌም ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ እነዚህን ሰዎች ፈልጋችሁ ጠይቁልን። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ሳያውቁ ያዩዋት ሰዎች ናቸው፣ ፊልም አላዩም፣ ጥቁር ቀሚስ አያውቁም፣ ስለ ሁኔታዋ፣ ስለ አያያዟ፣ ስለ ሳቋ የሚሉት ነገር ካለ መስማት የምፈልገው ከነሱ ነው።